የባኮና የጂንካ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን አመሠራረት

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በደቡብ ኦሞ ምድር በባኮና በጂንካ የወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን እንዴት እንደ ተተከለች፣ በማን እጅ እንዳደገችና በአካባቢው ሕዝብ ኑሮ ላይ ምን ለውጥ እንዳመጣች ባጭሩ ማስረዳት ነው። ጂንካ ከአገራችን ታላላቅ ከተሞች ተርታ የምትቆጠር ስላልሆነች ነገሩ ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን የአገር ታሪክ በነገሥታትና በጦርነት ታሪክ ብቻ አያልቅም። አንድ ባላገር የአባቱን አምልኮ ትቶ አዲስ ሃይማኖት የሚይዝበት ምክንያት ምንድር ነው? ይህንንስ ሲያደርግ ከዘመዶቹ፣ ከባላባቱና ከገዥው ጋር ምን ያጋጥመዋል? እነዚህን ጥያቄዎች ለመመርመር የአንዲት ትንሽ ከተማ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ በቂ መስክ ነው እንላለን። አንባቢው እንዳይሳሳት በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

አገሩና ሕዝቡ

ጂንካ ከአሪ ደጋ ግርጌ፣ በነሪ ወንዝ አጠገብ በለጥ ባለ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከበላይዋ ያለው ደጋ እንሰት፣ ገብስና ቡና የሚያበቅል ሲሆን፣ ከበታችዋ ወደ ኦሞ ወንዝ የሚወርደው ቆላ ደግሞ የከብት አርቢዎች አገር ነው። በደጋው የሚኖረው የአሪ ሕዝብ ነው። በዙሪያውም ማሌ፣ ዲሜ፣ በና፣ ሐመር፣ ጸማይ፣ ቦዲ፣ ሙርሲና ሌሎችም ሕዝቦች ይገኛሉ፤ ወደ ታች ወደ ወንዙ አፍ ሲወረድ ኛንጋቶምና ዳሰነች አሉ። እነዚህ ሁሉ የየራሳቸው ቋንቋና ሥርዓት ያላቸው ስለ ሆኑ፣ የቅዳሜው የጂንካ ገበያ ብዙ ቋንቋ የሚሰማበት ነው።

የአሪ ሕዝብ በጥንቱ ሥርዓት በልዩ ልዩ አገሮች የተከፈለ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ አገር ላይ ባቢ የሚባል አለቃ ነበረ። ባቢው ሕዝቡን የሚያስተዳድር ብቻ ሳይሆን ለዝናም፣ ለአዝመራና ለሰው ጤንነት የሚሠዋ የሃይማኖትም አባት ነበር። ገበሬው የአዝመራውን በኵራት ለባቢው የሚያገባውም ስለዚህ ነው። ከገበሬው ወገን ተለይተው የሚታዩ የእጅ ሠራተኞችም ነበሩ። ሸክላ የሚሠሩትና ብረት የሚቀጠቅጡት ማና ተብለው ይጠሩ ነበር፤ ገበሬው ከእነርሱ ጋር በአንድ ማዕድ አይበላም፣ ጋብቻም አያደርግም ነበር። አዲሱ ሃይማኖት የነካው እነዚህን ሁለት ነገሮች፣ ማለት የባቢውን ሥልጣንና የማናን መገለል ስለ ሆነ፣ አንባቢው ልብ እንዲላቸው እንፈልጋለን።

ከሚሲዮን በፊት የነበረው ክርስትና

ክርስትና ወደዚህ አገር የገባው በሚሲዮን አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ የማዕከላዊው መንግሥት ጦር የኦሞን አገር ሲያቀና በአሪ ደጋ ላይ ባኮ የጦር ሰፈርና የአስተዳደር ከተማ ሆነች። ከወታደሮቹ ጋር ካህናት መጡ፤ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም በከተማው ተተከለች። ይህች ቤተ ክርስቲያን ከሁሉ አስቀድሞ የሰፋሪው ሕዝብ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። የአገሩ ባላገር በዓሉን ያያል፣ የደወሉን ድምፅ ይሰማል፤ ይሁን እንጂ ቋንቋው፣ ጾሙና ሥርዓቱ የከተማው ሰው መሆኑን ስለሚያውቅ ብዙው ከውጭ ሆኖ ይመለከት ነበር።

ከዚህም በላይ በባላገሩና በሰፋሪው መካከል የገባርነት ሥርዓት ቆሞ ነበር። ገባሩ ለነፍጠኛው እህል ያስገባል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ቤት ይሠራል፣ ዕቃ ይሸከማል። በዚያ ዘመን በደቡብ ምዕራብ አገሮች የባሪያ ንግድም ስለ ነበረ ብዙ ቤተ ሰብ ፈርሷል። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 እና በ1937 ዓ.ም. የወጡት የመሬት ግብር ዓዋጆች የገባሩን ሸክም በገንዘብ ግብር ለመለወጥ የታሰቡ ነበሩ። ሆኖም የመሬቱ ባለቤትነትና የዳኝነቱ ነገር በአሮጌው መንገድ ላይ እንደ ቀረ ይታወቃል። እንግዲህ አዲሱ ስብከት በደረሰ ጊዜ ያገኘው ሕዝብ ከላይ በገዥ፣ ከውስጥም የባቢው ሥርዓት ኀይል በማጣቱ የተጨነቀ ሕዝብ ነበር። ባቢው ያለፈውን መከራ ከሕዝቡ ላይ ሊመልስ አልቻለም፤ አንዳንዱም ባቢ የመንግሥት ባላባት ሆኖ ግብር የሚያስገባ ሆነ።

ሱዳን ኢንቴሪየር ሚሲዮንና ወላይታ

ወደ ባኮ የደረሰው ሚሲዮን ሱዳን ኢንቴሪየር ሚሲዮን የሚባለው ነው። ስሙ ብዙ ሰው ያሳስታል። ማኅበሩ በ1880ዎቹ ዓ.ም. በሮላንድ ቢንግሃም ሲቋቋም «ሱዳን» የተባለው ከሰሐራ በረሃ በታች ያለው ሰፊ አገር በሙሉ ነበር እንጂ ዛሬ ሱዳን የምንለው መንግሥት ብቻ አልነበረም። ማኅበሩ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ወገን አልነበረም፤ ከልዩ ልዩ የፕሮቴስታንት ወገኖች የተውጣጡ ሰዎች የሚያገለግሉበት ነበር። ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1920 ዓ.ም. ሲሆን፣ መሪው ቀድሞ በወለጋ በሳዮ የሠራው አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ላምቢ ነበር። ሐሳባቸው ወደ ጅማ ለመሄድ ነበር፤ ነገር ግን ሥራቸውን የጀመሩት በወላይታ፣ በሆሳዕናና በሲዳሞ ሆነ።

በወላይታ የመጀመሪያዎቹ አማኞች የተጠመቁት በ1926 ዓ.ም. ነው። ጠላት አገሩን ከያዘ በኋላ በ1929 ዓ.ም. የመጨረሻዎቹ ሚሲዮናውያን ከወላይታ ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ያህል ብቻ ነበሩ። ሚሲዮናውያኑ ከድል በኋላ ሲመለሱ ግን በ10 ሺህ የሚቆጠሩ አማኞችንና 100 ያህል የጸሎት ቤቶችን አገኙ። በነዚያ ዓመታት የውጭ አገር ሰባኪ አልነበረም፣ የውጭ ገንዘብም አልመጣም። ይልቁንም እንደ ዋንዳሮ ዳባሮ ያሉት የአማኞቹ መሪዎች ታሥረዋል፣ ተገርፈዋልም። ይህ ታሪክ በባኮ ለሆነው ነገር ቁልፍ ነው። የወላይታ አማኞች ቤተ ክርስቲያንን ያለ ፈረንጅ ማቆም እንደሚቻል በራሳቸው ኑሮ ያዩ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ በሰላሙ ዘመን ወደ ሌላ አገር ለመሄድ የማንንም ፈቃድና ደመወዝ አልጠበቁም።

የወንጌላውያኑ ጉዞ

በ1940ዎቹ ዓ.ም. የወላይታ ወንጌላውያን በጋሞና በጎፋ በኩል አልፈው ወደ አሪ ደረሱ። በዚያው ዘመን ሚሲዮኑ በባኮ ጣቢያ ከፈተ። ከ1940ዎቹ ጀምሮ በዚያ አካባቢ ብዙ ዘመን ከሠሩት ሚሲዮናውያን አንዱ አውስትራሊያዊው ዲክ ማክሌላን ሲሆን፣ በስተ እርጅናው በጻፈው መጽሐፍ ላይ ዋናውን ቦታ የሰጠው ለራሱ ሳይሆን ለኢትዮጵያውያኑ ወንጌላውያን መሆኑ የሚታወስ ነው። ከነዚህም ወንጌላውያን እንደ ማሄ ጮራሞ ያለው ከወላይታ ተነሥቶ በብዙ የደቡብ አገሮች ከሰበከ በኋላ እስከ ታችኛው ኦሞ ድረስ ዘልቋል።

የወንጌላዊው ኑሮ ምን ይመስል ነበር? ብዙዎቹ ገበሬዎች ነበሩ። የትምህርታቸው መጠን አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስን ለማንበብ የሚበቃ ያህል ነበር። ሚስቶቻቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ጎጆ ሠርተው ከባላገሩ ጋር ይቀመጣሉ፣ ያርሳሉ፣ በሽተኛ ይጠይቃሉ፣ ለቅሶ ይደርሳሉ። መደጎሚያቸው በአገራቸው ያሉት ምእመናን ከእህላቸውና ከገንዘባቸው የሚያዋጡት ጥቂት አሥራት ነበር። ወላይትኛና አሪኛ የሩቅ ዝምድና ቢኖራቸውም አንዱ የሌላውን አይሰማም፤ ስለዚህ በመጀመሪያ በአስተርጓሚ ይሰብኩ ነበር። ቋንቋው እስኪለመድ ድረስ ግን ብዙ የሠራው መዝሙር ነው። አንዱ ሲያወጣ ሕዝቡ የሚቀበለው መዝሙር ማንበብ ለማያውቅ ሰው ትምህርትም ጸሎትም ሆነለት።

ይህን አሠራር ከሌላው ዓለም ታሪክ ጋር ስናስተያየው በ18ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር በጆን ዌስሊ መሪነት የተነሣውን የሜቶዲስት ማኅበር እናስታውሳለን። ያ ማኅበር ማዕረገ ክህነት የሌላቸውን ተራ ሰዎች ሰባኪዎች አድርጎ ከመንደር ወደ መንደር ያዞራቸው ነበር፤ ምእመናኑንም በትናንሽ ክፍል እያደራጀ በሳምንት አንድ ጊዜ ስለ ኑሯቸው ይጠያየቁ ዘንድ አስለመዳቸው። የማዕድን ሠራተኛውና ሸማኔው በዚያ ክፍል ውስጥ ማንበብን፣ በጉባኤ መናገርንና ገንዘብ መያዝን ተማረ። ወደ ባኮ የመጣው ሚሲዮን ሜቶዲስት ባይሆንም፣ የወላይታው ወንጌላዊና የዌስሊ ሰባኪ ቢገናኙ ኖሮ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳይቸገር ያውቀው ነበር ብለን እናምናለን። በሁለቱም አገር የተራው ሰው ድምፅ የተሰማው በመጀመሪያ በጸሎት ቤት ነው።

የ1936 ዓ.ም. ደንብና የአማርኛ ቋንቋ

የሚሲዮን ሥራ በሕግ የተደነገገው በነሐሴ ወር 1936 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ነው። ደንቡ አገሩን በሁለት ይከፍላል። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክፍል ሲሆን በዚያ ሚሲዮን ሃይማኖቱን ሊሰብክ አይችልም፤ ሁለተኛው ክፍት የተባለው ክፍል ነው፣ በዚያ ግን ማስተማርና መስበክ ይችላል። ሕዝቡ በአብዛኛው የቀድሞ አምልኮውን የያዘበት የኦሞ ምድር በዚህ በሁለተኛው መሠረት የሚሠራበት አገር ሆነ። ደንቡ ከዚህም ሌላ የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆንና ሚሲዮናውያኑም አማርኛ እንዲማሩ ያዛል። የአገሩን ቋንቋ መጠቀም የተፈቀደው አማርኛው እስኪለመድ ድረስ ለመጀመሪያው ጊዜ ብቻ ነበር።

የዚህ ደንብ ውጤት ያልታሰበ መልክ ነበረው። መንግሥት አማርኛን ያዘዘው ሕዝቡን አንድ ለማድረግ ነው። ባላገሩ ግን አማርኛን በፊት የሚያውቀው የግብርና የፍርድ ቤት ቋንቋ አድርጎ ነበር። በጸሎት ቤት ፊደል የቈጠረ የአሪ ልጅ መጽሐፍ ቅዱስን ሲያነብ፣ የግብር ደረሰኙንና የክስ ወረቀቱንም ማንበብ ቻለ። በ1954 ዓ.ም. አዲሱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ከታተመ በኋላ ንባቡ ይበልጥ ቀለለ። እንግዲህ ያው ቋንቋ በአንድ ወገን የገዥው መሣሪያ ሲሆን በሌላው ወገን የባላገሩ ጋሻ ሆነ። አሪኛ ራሱ የጽሕፈት ቋንቋ ሆኖ አዲስ ኪዳን የታተመበት ዘግይቶ ነው።

አማኝ መሆን ያስከተለው ነገር

አንድ የአሪ ገበሬ አማኝ ሆነ ማለት ብዙ ነገር ተወ ማለት ነበር። ለአባቶች መናፍስት መሠዋትን ይተዋል፣ የሚያሰክር መጠጥ አይጠጣም፣ ለባቢው የሚገባውን የሥርዓት ስጦታ ያስቀራል። የመጨረሻው ከሁሉ የከበደ ነበር። ዝናም በዘገየ ጊዜ፣ ወይም በሽታ በገባ ጊዜ፣ ጎረቤቶቹ ጥፋቱን በእርሱ ላይ ያደርጋሉ። እርሱ ሥርዓቱን ስላፈረሰ መከራው የሁሉ ሆነ ይሉታል። ሽማግሌዎቹ በክፋት ብቻ ነው የተቃወሙት ማለት አይገባም። በእነርሱ አስተያየት የባቢው መሥዋዕት የሕዝቡ ሁሉ አጥር ነበር፤ ከአጥሩ አንድ እንጨት የሚነቅል ሰው የሁሉን ቤት ያጋልጣል። አባት ከልጁ፣ ወንድም ከወንድሙ የተለየበት ቤት ብዙ ነበር።

ከከተማው ወገንም ተቃውሞ አልጠፋም። ባላገሩ የኦርቶዶክስ ሃይማኖትን ቢይዝ የገዥው ወገን ይሆናል፤ የቀድሞ አምልኮውን ቢይዝም ቦታው የታወቀ ነው። የወንጌል አማኝ የሆነው ግን ከሁለቱም ውጭ ሆነ። የራሱ ጉባኤ፣ የራሱ ሽማግሌ፣ የራሱ ሒሳብ ያለው ባላገር ለገዥው አዲስ ነገር ነበር።

የማናን ነገር በተመለከተ ስብከቱ ሰው ሁሉ ከአንድ አባት ተፈጠረ ይላል። ሸክላ ሠሪዋና ገበሬው በአንድ ጣሪያ ሥር ተቀመጡ፣ ከአንድ ጽዋም የጌታን እራት ተቀበሉ። ይህ በአሪ ምድር ከዚያ በፊት ያልታየ ነው። ይሁን እንጂ እውነቱን ለመናገር ልዩነቱ በአንድ ጊዜ አልጠፋም። በጸሎት ቤት አብሮ የተቀመጠው ሰው በሰርግ ጊዜ ተለያየ፤ የጋብቻው አጥር ከማዕዱ አጥር ይልቅ ጠንክሮ ቆየ። ቤተ ክርስቲያኒቱ የሰበከችውን በሙሉ ፈጽማለች ብለን ልንጽፍ አንችልም። ነገር ግን ልዩነቱ የተፈጥሮ ሕግ ሳይሆን የሰው ልማድ መሆኑን፣ እንዲያውም ኀጢአት መሆኑን፣ በግልጽ በጉባኤ እንዲነገር አድርጋለች።

ከባኮ ወደ ጂንካ

በጊዜው አስተዳደር ይህ አገር በገሙ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ የገለብና ሐመር ባኮ አውራጃ ይባል ነበር። ደጋው ላይ ያለችው ባኮ ለጦር ሰፈር የተመቸች ብትሆንም ለመንገድና ለአውሮፕላን አትመችም ነበር። ስለዚህ የአውራጃው ማዕከል ወደ ጂንካ ወረደ፤ በከተማይቱም መካከል የሣር ሜዳ ለአውሮፕላን ማረፊያ ሆነ። ዳኛው፣ ፖሊሱ፣ ነጋዴውና መምህሩ በጂንካ ሲሰበሰቡ ቤተ ክርስቲያኒቱም የከተማ ቤተ ክርስቲያን ሆነች።

ይህ ለውጥ ቀላል አይደለም። በደጋው መንደር የነበረው ጉባኤ በአሪ ገበሬዎች የተሞላ ነበር። በጂንካ ግን ከጎፋና ከወላይታ የመጣው ነጋዴ፣ ከሰሜን የመጣው የመንግሥት ሠራተኛ፣ ከቆላው ለትምህርት የመጣው ልጅ በአንድ ጉባኤ ይገናኛል። ስብከቱ በአማርኛ ሆነ፤ ይህም ከሩቅ የመጡትን ሲያቀርብ ከደጋው ለገበያ የወረደችውን አሮጊት ግን አራቀ። በደጋ የተነሣው እንቅስቃሴ በከተማ ሲደራጅ የሚያገኘውና የሚያጣው ነገር በዚህ ይታያል። በ1960ዎቹ ዓ.ም. በሚሲዮኑ ሥራ የተተከሉት የደቡብ አብያተ ክርስቲያናት ተባብረው ቃለ ሕይወት በሚል ስም ሲታወቁ የባኮና የጂንካ አማኞችም በዚሁ ኅብረት ውስጥ ተገኙ።

የአብዮቱ ዘመን

በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ በደቡብ ኦሞ ብዙ አማኞች ደስ አላቸው። የጭሰኝነት መቅረት ከስብከቱ ጋር የሚቃረን መስሎ አልታያቸውም። በአሪ ጎረቤት በማሌ የሆነው ነገር በአሜሪካዊው የሰው ልጅ ባሕል ተመራማሪ በዶናልድ ዶንሃም በሰፊው ተጽፏል። የዕድገት በኅብረት ዘመቾች ወደዚያ ሲደርሱ አብረዋቸው ለመሥራት ቀድመው ከተነሡት መካከል ወንጌላውያን አማኞች ነበሩ። ይህ አያስደንቅም። ማንበብ የሚያውቁት፣ በጉባኤ መናገርን የለመዱት፣ የቀድሞውንም ሥርዓት አስቀድመው የተዉት እነርሱ ናቸው።

ወዳጅነቱ ግን አልቆየም። አብዛኞቹ ሚሲዮናውያን በ1969 ዓ.ም. አካባቢ ከአገር ወጡ። ከዚያም በ1970ዎቹ በደቡብ ክፍላተ ሀገር የሚገኙ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ፤ ሕንፃዎች ለቀበሌና ለሌላ ሥራ ተወሰዱ፤ ሽማግሌዎችና ወንጌላውያን ታሠሩ። በዚያን ጊዜ በ1929 ዓ.ም. በወላይታ የሆነው በሌላ መልክ ተደገመ። ሕንፃና ሚሲዮናዊ የሌላት ቤተ ክርስቲያን በየቤቱ እየተሰበሰበች ኖረች። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በሮች ሲከፈቱ የምእመናኑ ቍጥር ከመዘጋቱ በፊት ከነበረው በዝቶ ተገኘ። በጂንካም ከቃለ ሕይወት ሌላ መካነ ኢየሱስና ሌሎች ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ሥራቸውን አስፋፍተዋል።

መደምደሚያ

ከላይ ከተናገርነው ሦስት ነገር እናገኛለን። መጀመሪያ፣ የባኮና የጂንካ ቤተ ክርስቲያን ከውጭ አገር የመጣች ተብላ ብትጠራም በአመዛኙ የተከሏት ኢትዮጵያውያን ገበሬዎች ናቸው። ሚሲዮኑ መድኃኒት፣ መጽሐፍና ትምህርት አመጣ፤ በየጎጆው ገብቶ አብሮ የኖረው ግን የወላይታው ወንጌላዊና ከእርሱ የተማረው የአሪ ሰው ነው። ሁለተኛ፣ ሕዝቡ አዲሱን ሃይማኖት የተቀበለው በስብከቱ ብቻ ሳይሆን ኑሮው ስላስገደደውም ነው። በገባርነት የተዋረደ ሰው ሰው መሆኑን የሚነግረውን ቃል ፈልጓል። ሦስተኛ፣ ይህ ለውጥ ዋጋ አስከፍሏል። ከባቢው ሥርዓት ጋር ብዙ የአሪ ዕውቀት፣ ዘፈንና ታሪክ ተጥሏል፤ ከተጣለውም ውስጥ ኀጢአት ያልነበረ ነገር እንዳለ ዛሬ ብዙ አማኞች ራሳቸው ይናገራሉ።

ስለዚህ የቀረውን ሥራ ማመልከት ተገቢ ይመስለናል። የሚሲዮናውያኑ ደብዳቤና መዝገብ በሚገባ ተጠብቋል። የወንጌላውያኑ፣ የሚስቶቻቸው፣ የማናዋ ሸክላ ሠሪ፣ ደግሞም ሳያምኑ የቀሩት የባቢው ልጆች ታሪክ ግን በአብዛኛው በቃል ያለ ነው። ታሪኩን በዓይናቸው ያዩት ሰዎች ከዓመት ወደ ዓመት እያነሱ ይሄዳሉ። ተማሪው ወደ አገሩ በተመለሰ ቍጥር ከሽማግሌዎቹ አጠገብ ተቀምጦ በአሪኛ ጠይቆ በጽሑፍ ቢያኖረው ሁለት ነገር ያተርፋል። ለቤተ ክርስቲያኒቱ እውነተኛ ታሪኳን ይሰጣታል፤ ለሕዝቡም በራሱ ቋንቋ የተነገረ፣ ደስታውንና ጸጸቱን አብሮ የያዘ መዝገብ ያቆምለታል።